ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ሂሩትን ለማየት

ጅቡቲን አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ስለ ባሕሩ ብዙ እንደማልናገር ከወዲሁ ይወቅ። ባሕሩን ከሩቅ ነው ያየሁት፤ ያኔም ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ለጎረቤቶቼ «የአክስቴን ልጅ አልማዝን ልጠይቅ ነው» ብያቸው ሄድኩ። ውሸት አይደለም። አልማዝ ጅቡቲ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ ካርቲየ ሦስት የሚባል ሰፈር ውስጥ ልብስ እየሰፋች የምትኖር ዘመዴ ናት። ግን ለአልማዝ ብቻ ብዬ በዚህ ጉልበቴ አልነሣም ነበር። የሄድኩት ሂሩትን ለማየት ነው።

እኔ ድሬዳዋ በዲፕሎማ ነርስነት ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴት ነኝ። የዋርዳችን ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ ቦታው ለእኔ እንደሚሆን የማይናገር ሰው አልነበረም። ለሂሩት ተሰጠ። ዲግሪ ነበራት። ለልምምድ የመጣች ጊዜ መርፌ አያያዝ ያሳየኋት፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ እጇን የያዝኳት ልጅ አለቃዬ ሆነች። በተሾመች በሳምንቱ በተረኞች የጠዋት ርክክብ ላይ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ በቆሙበት፣ «ሲስተር አስካለ፣ እባክዎ ከእንግዲህ ሳይጠይቁ በሽተኛ አይንኩ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲስተር ብዬ ጠርቻት አላውቅም። «ባለዲግሪዋ» ነበር የምላት፤ በፊቷም በሌለችበትም።

ከዓመታት በኋላ ሥራውን ለቃ ጅቡቲ ገባች። ዘንድሮ ጡረታ የወጣን ነርሶች ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ሳለ አንዷ፣ በላይነሽ፣ «ሂሩት እኮ ጅቡቲ ፖፖ ትደፋለች አሉ» አለች። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። እኔም መጠጥኩ። ከንፈሬን ስመጥ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንማ በዓይኔ ማየት አለብኝ አልኩ።

ሰኞ

የድሮው ባቡር ከከተማው መሐል፣ ከለገሃር ነበር የሚነሣው። የአሁኑ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ በባጃጅ ሄድኩ። ባቡሩ ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ ግን ለጀርባ አያዝንም። ከአጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ሴት ድንበሩ ላይ ደወሌ እስክንደርስ ተኛች። እኔ ደግሞ ሂሩትን ሳገኛት የምላትን ስደረድር ነበር። «ለዚህ ነው ዲግሪ የተማርሽው?» የሚለውን መርጬ ያዝኩ።

ድንበሩ ላይ ለአልማዝ የያዝኩት በርበሬ ከሻንጣዬ ውስጥ ፈንድቶ ተገኘ። ፈታሹ ዚፑን ከፈተና ማስነጠስ ጀመረ፤ አላቆም ሲለው በእጁ «ውሰጂው፣ ውሰጂው» አለኝ። የውስጥ ልብሴ ሁሉ ቀይ ሆኖ ጅቡቲ ገባሁ።

ድሬዳዋ የሚሞቅ ይመስለኝ ነበር። እኛ ጋ ሲመሽ ነፋሱ ይታደገናል፤ እዚህ ነፋሱ ራሱ እርጥብና ትኩስ ነው፣ ልክ ሰው ፊትህ ላይ እንደሚተነፍስ። አልማዝ ጣቢያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ ማቀዝቀዣው ያለው በአንዱ ብቻ ነው። ያንን ለእኔ ለቃ እሷ ሰገነት ላይ ተኛች። «እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ፣ አንቺ ትቀልጫለሽ» አለችኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት አልማዝ ማዕከላዊ ገበያ ወሰደችኝ። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከእኛው አገር የመጣ ነው፤ በዋጋ ግን ከእኛ ገበያ ጋር አይተዋወቁም። ጫት እኛ ጋ ከጠዋት ጀምሮ ይሸጣል፤ እዚህ ከተማው በሙሉ እስከ ቀትር ይጠብቃል። የጫቱ መኪና ሲመጣ መንገዱ በጥሩንባ ይናወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል። ዳቦው እንደ ክንድ ረጅም ነው፤ ጥርሴ ስላልቻለው አልማዝ ሻይ ውስጥ ነከረችልኝ።

አልማዝ አፈላልጋ መምጣቴን ነግራት ነበርና ከሰዓት በኋላ ሂሩት መጣች። ከስታለች። ፀጉሯ ሸብቷል። በሩ ላይ እንዳየችኝ «ሲስተርዬ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔ እጄን ነበር የዘረጋሁት።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አልኳት ገና ሳንቀመጥ።

«ነርስነት ነዋ።»

«ምን ምን?»

«ሁሉን ነዋ ሲስተር። መውጋት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ...»

«ፖፖም?»

አልማዝ ቀና ብላ አየችኝ። ሂሩት ሳቀች። «ፖፖማ ዋናው ነው። ነገ ይምጡና ይዩኝ። ኃላፊያችንን አስፈቅድልዎታለሁ። እሑድ ደግሞ ዕረፍቴ ስለሆነ ባሕሩ ዳር እወስድዎታለሁ።»

አገሩ እሑድን የሥራ ቀን ያደርጋል፤ የሚያርፉት ዓርብ ነው። እሷ እሑድን ለምና ያስለቀቀችው ለእኔ ብላ እንደነበር ኋላ ነው ያወቅኩት።

ረቡዕ

የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ስገባ መጀመሪያ የገረመኝ ጸጥታው ነው። እኛ ጋ ጠዋት በሩ ላይ ሳህን በፎጣ የቋጠረ፣ ፔርሙስ ያንጠለጠለ አስታማሚ ይጋፋል። በሽተኛን የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው ዘመዱ ነው፤ ነርስ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ትጽፋለች፣ ትቆጣለች። እዚህ ዘመድ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቁርስ በጋሪ ይታደላል።

ሂሩት ለሥራ ባልደረቦቿ አንድ በአንድ አስተዋወቀችኝ። በፈረንሳይኛም በሶማሊኛም አንድ ነገር እየደጋገመች ስትናገር «ምንድነው የምትያቸው?» አልኳት። «ያስተማረችኝ እሷ ናት ነው የምላቸው» አለች። የክፍሉ ኃላፊ፣ ከሂሩት በዕድሜ የሚያንስ ቀጭን የጅቡቲ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝና ወንበር አመጣልኝ።

ቀኑን ሙሉ ወንበሬ ላይ ሆኜ ስሕተት ፈለግኩ። ሙቀት ለካች፣ ግፊት ለካች፣ ቁስል አጠበች፣ ግሉኮስ ቀየረች። አንድ የአፋር ሽማግሌ አገላብጣ ጀርባቸውን አሸች። ፖፖ ይዛ ስትወጣ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ለዚህ ነበር የመጣሁት። በጨርቅ ሸፍና፣ ከሽማግሌው ፊት ዞር አድርጋ፣ ምንም እንዳልያዘች ሰው ቀጥ ብላ ነው የሄደችው። እንደዚያ አድርጊ ብዬ ያሳየኋት እኔ ነኝ። የጠበቅኩት ደስታ አልመጣም።

በዕረፍት ሰዓት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሻሽ ያዘጋጀሁትን ጥያቄ አወጣሁ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ለዚህ ነው ዲግሪ የተማርሽው?»

«እሱንስ እዚያ እያለሁ ነበር የምለው» አለች። «ኃላፊ ካደረጉኝ በኋላ እጄ በሽተኛ ነክቶ ያውቃል? የመጋዘን ቁልፍ፣ የተረኛ ድልድል፣ ስብሰባ። ጓንት የምነካው ላድለው ብቻ ነበር። ቤቴ ስገባ ዛሬ ማን ተሻለው ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልስ የለኝም።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ደግሞ ዲግሪዬን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ልጅ እግር ያዝዘኛል። አንዳንድ ቀን ያበግነኛል ሲስተር፣ አልዋሽዎትም። ግን ዛሬ ያጠብኩትን ቁስል ነገም አየዋለሁ። ሲደርቅ አየዋለሁ።»

አላመንኳትም። ማመን አልፈለግኩም ማለት ይሻላል።

መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ተኝቷል። ወደ የመን ሊሻገር ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ኦቦክ ሲሄድ ከጭነት መኪና ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል። ከሂሩት በቀር በቋንቋው የሚያናግረው ሰው አልነበረም፤ አማርኛዬን ሲሰማ ከአልጋው ሊነሣ ቃጣው። «እማማ፣ ከየት መጡ?» አለኝ። «ከድሬ» ስለው አለቀሰ።

ሐሙስ

አሁን የምጽፈውን ለልጆቼም አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ ነርሶቹ በርክክብ ላይ ነበሩ፤ በሩ ተዘግቷል። የቁርሱን ጋሪ የምትገፋው ሐዋ የምትባል ወፍራም ሴት እያደለች መጣች። ለሁሉም ሰጠች። ሰይድን አለፈችው።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔንጃ እማማ። ዛሬ አለፉኝ።»

በአልጋው ግርጌ ቀይ ካርቶን ተንጠልጥሏል፤ በፈረንሳይኛ ሁለት ቃል ተጽፎበታል። ትናንት አልነበረም። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም። ሐዋን በምልክት መጠየቅ እችል ነበር። ርክክቡ እስኪያልቅ መጠበቅም እችል ነበር። ነገር ግን የሂሩት አስተማሪ ተብዬ ወንበር የተሰጠኝ ሴት፣ ማንበብ አለመቻሌን ለጋሪ ገፊ ላሳይ አልወደድኩም። ደግሞም እኛ ጋ ሌላው እየበላ አንዱ ዝም ብሎ ከተኛ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሰው የለውም ማለት ነው። ይኸው፣ አገኘሁባት አልኩ በልቤ።

አልማዝ የቋጠረችልኝን ዳቦ በእንቁላል ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከጋሪው ላይ ሻይ በወተት አነሣሁ። ሐዋ እጇን አንሥታ አንድ ነገር አለች፤ ፈገግ ብዬ አለፍኳት። ልጁ ሲበላ ፍርፋሪውን ከአንሶላው ላይ በጣቱ እየለቀመ ነበር።

በሩ ሲከፈት ተነሥቼ ቆምኩ። ሂሩት ከፊት፣ ኃላፊውና ሌሎቹ ነርሶች ከኋላ ናቸው።

«ሂሩት!» አልኩ፣ ዋርዱ በሙሉ እስኪዞር። «ሁሉም ሲበላ ይህን ልጅ ጦሙን የምታውሉት ወገን ስለሌለው ነው? እኔ አበላሁት!»

ብርጭቆውን አየች። ካርቶኑን አየች። እኔን አየች።

«ምን በላ?»

«ዳቦ በእንቁላል፣ ሻይ በወተት!» አልኩ፣ እንደሚኮራ ሰው።

«ሲስተር» አለች ቀስ ብላ፤ «ዛሬ እኮ እግሩን ሊሠሩለት ነው።»

ለማያውቅ ልንገር። ማደንዘዣ የሚወስድ ሰው ሆዱ ባዶ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የበላው ወደ ሳንባው ይገባና ሊሞት ይችላል። ቀዩ ካርቶን የሚለውም ይህንኑ ነበር፤ ምግብ እንዳይሰጠው። ይህ የነርስነት ሀሁ ነው። ስንቱን ተማሪ ያስተማርኩት፣ ለሂሩትም የነገርኳት እኔ ነኝ። ማታ ተረኛዋ ለሰይድ በምልክት ነግራው ነበር፤ አልገባውም። ሂሩት ከርክክቡ ወጥታ በቋንቋው ልትነግረው ነበር የመጣችው።

ኃላፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ሂሩት ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰች፤ ስትመልስ ጣቷ ደረቷ ላይ ነበር። የአጥንት ሐኪሙ በየቀኑ አይመጣም፤ ቀዶ ሕክምናው ለእሑድ ተላለፈ። ሰይድ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፈረንሳይኛ አልችልም፤ ጣትን ደረት ላይ ማድረግን ለመረዳት ግን ትምህርት አያስፈልግም። እኔም እንደዚያው ማድረግ እችል ነበር። አላደረግኩም። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ሂሩት እስከ በሩ ተከተለችኝ። ታክሲ አቆመች፣ ለነጂው ካርቲየ ሦስት ብላ ቤቱን አስረዳችው። «ሙቀቱ ነው ሲስተር፣ ውሃ ይጠጡ» አለችኝ። «ሳይጠይቁ አይንኩ» የሚለውን ቃል ብጠብቅ ብጠብቅ አላለችውም። ብትለው ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ

ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ተኝቷል። ቀትር ላይ ሂሩት በየመኖች ምድጃ የተጠበሰ ትልቅ አሣ በወረቀት ጠቅልላ መጣች። ስለ ትናንቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለአልማዝ ስለ እኔ ታወራለች፤ «ደም ሥር የጠፋበት ሕፃን ሲመጣ ዶክተሮቹ ራሳቸው አስካለን ጥሩ ነበር የሚሉት» ትላለች። እኔ ዓይኔን ከሳህኑ ላይ አላነሣሁም። እሑድ ባሕር እንደማትወስደኝም ነገረችኝ፤ «ሥራ ገብቶብኝ ነው» አለች።

ከሄደች በኋላ አልማዝ ሳህኔን አየች። «ምን ሆነሻል አስኩ? አልነካሽውም እኮ።»

ነገርኳት። ተናግሬ እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ።

«ታዲያ ለኃላፊው ሄደሽ ንገሪዋ።»

«ፈረንሳይኛ አልችልም።»

«እኔ እችላለሁ» አለች። «ሌላ ሰበብ አለሽ?»

ቅዳሜ

ኃላፊው በጠባብ ክፍሉ ተቀበለን። «ልጁን ያበላሁት እኔ ነኝ፤ ሂሩት ጥፋት የለባትም በይልኝ» አልኩ። አልማዝ ተናገረች። ሰውየው ረጅም መልስ ሰጠ።

«ምን አለ?»

«ተይው።»

«አልማዝ!»

«'እዚያው ቆሜ ነበር፣ ዓይን አለኝ' ነው የሚለው። 'ሐዋም ነግራኛለች። ሁላችንም እናውቃለን። ሂሩት ግን እንግዳዋ የእኔ ናት፣ ሳልነግራት ትቻት መግባቴ የእኔ ጥፋት ነው፣ ይህንን ያስተማረችኝ እሷ ስለሆነች ማንም በፊቷ እንዳያነሣባት ብላ ለመነችን' ይላል። 'እሑድ ዕረፍቷን ትታ ልጁን ራሷ ልታስገባው ነው' ይላል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚሉት ነገር አለ። መሬቱ ሊሾ ነበር። ሐሙስ ቦርሳዬን ይዤ ቀና ብዬ ስወጣ ዋርዱ በሙሉ እያወቀ ነበር ያሳለፈኝ። ተደብቄ የነበርኩ መስሎኝ የተደበቅኩት ከራሴ ብቻ ነበር።

«እሑድ ልጁን ላስታምመው ፍቀድልኝ በይው።»

«ያንን በሽተኛ የምትከታተለው ሂሩት ናት፣ እሷን ጠይቁ» አለ።

ሂሩትን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። በሥራ ዘመናችን አንድም ነገር ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«ነገ ከሰይድ ጋር ልሁን?»

«ይችላሉ» አለች። ቀጥሎ ትንሽ አሰበች። «የምለውን ብቻ ነው ግን የሚያደርጉት።»

«እሺ ሲስተር» አልኩ።

ቀና ብላ አላየችኝም። «ጓንት እዚያ መደርደሪያው ላይ አለ» ብላ ሄደች።

እሑድ

ሰይድ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀዩ ካርቶን እንደገና ተንጠልጥሏል። ሂሩት ገና ስትገባ በአማርኛ ነገረችው፦ «እስክትወጣ ድረስ ውሃም ቢሆን አትቀምስም።» ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ «ሰምተዋል?» አለች። «ሰምቻለሁ» አልኩ።

የሐዋ ጋሪ መጣ። ሰይድን አለፈችውና እኔ ዘንድ ቆመች። ሻይ ቀዳች። ከመስጠቷ በፊት ግን ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች ሂሩትን በቅንድቧ ጠየቀቻት፤ ይፈቀድላታል? ዋርዱ በሳቅ ፈረሰ። የአፋሩ ሽማግሌ ሳይቀሩ ሳቁ። ሰይድም ሳቀ። ፊቴ ነደደ፣ ግን አልተነሣሁም። ሻዩን ተቀብዬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩትና ቀዘቀዘ።

ልጁን ወደ ቀዶ ሕክምናው ሲወስዱት ሽማግሌው ፖፖ ፈልገው ወደ እኔ በእጃቸው ጠቆሙ። ሌላ ሰው አልነበረም። ሂሩትን በዓይኔ ፈለግኩ፤ ከክፍሉ ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳለች። «ሲስተር፣ ለአባባ ላቅርብላቸው?» አልኳት። «ያቅርቡላቸው» አለች። አቀረብኩ። በጨርቅ ሸፍኜ፣ ከፊታቸው ዞር አድርጌ ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ረጅም ነው።

ሰይድ ወጥቶ ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ «እማማ፣ አሁንስ ልብላ?» ነበር።

«ሲስተርን ልጠይቅልህ» አልኩት።

አጥንቱ ተገጥሟል። ሐኪሙ ግን ስብራቱ ሳይሠራ ስለቆየ ትንሽ ሊያነክስ ይችላል ብሏል። ከመቆየቱ ውስጥ የእኔ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኩም። ይህን መጠየቅ አልቻልኩም፤ እስካሁንም አልቻልኩም።

ማክሰኞ

ሂሩት ከሥራ አስፈቅዳ ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ያንን ረጅም ዳቦ በስሱ ቆርጣ፣ ለጥርሴ እንዲመች ቅርፊቱን አንሥታ ቋጥራልኛለች። ከድሬዳዋ ይዤው የሄድኩት ነገር፣ ያ የጠዋት ርክክብ፣ ዋርዱ ፊት የተናገረችኝ ቃል፣ በአፌ ላይ መጥቶ ነበር። ትክክል ነበርሽ ልላት ነው? ወይስ ይቅር አልኩሽ? ሁለቱም አልወጣልኝም። «ደህና ሁኚ ሲስተር» ብቻ አልኩ። ባቡሩ ሲነሣ ባሕሩን ከሩቅ አየሁት መሰለኝ፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ነበር።

ሰዎች ጅቡቲ እንዴት ነው ሲሉኝ ይሞቃል እላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን በላይነሽ ሠርግ ቤት ከአጠገቤ ተቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ሂሩትን አገኘሻት አሉ። እውነት ነው? ፖፖ ትደፋለች?»

«ትደፋለች» አልኳት። «እኔም ደፋሁ።»

ከንፈሯን ልትመጥ ጀምራ ተወችው።